ተሳፋሪው በዝቷል፣ ሐዲዱ አርጅቷል፦ የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ምን ያህል ሊፈጥን ይችላል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን አዳራሽ የቆመ ሰው፣ በአሜሪካ የባቡር ዘመን አልፏል የሚለውን የቆየ አባባል ለመቀበል ይቸገራል። ወደ ኒው ዮርክ የሚሄደው ባቡር የሚቆምበት መስመር ቁጥር በሰሌዳው ላይ ገና ሳይወጣ፣ ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ የአዳራሹን ወለል አቋርጦ ይጠመዘዛል። ሻንጣ የሚጎትት ተማሪ አለ፤ ላፕቶፑን በአንድ ክንዱ ደግፎ ቆሞ የሚሠራ ሠራተኛ አለ፤ የልጆቿን እጅ ይዛ ሰሌዳውን ቀና ብላ የምታይ እናት አለች። በዚህ ሰልፍ መካከል አማርኛ መስማትም እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ የሜትሮው ቀይ መስመር ያለ ቅያሬ እዚሁ ጣቢያ ሥር ያደርሳልና፣ ኒው ዮርክ ወይም ፊላደልፊያ ዘመድ ያለው ሰው መኪናውን ደጁ ትቶ መምጣት ይችላል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። አምትራክ የተባለው ብሔራዊ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት፣ ሴፕቴምበር 2025 ባበቃው የበጀት ዓመት 34.5 ሚሊዮን ጉዞዎችን ማስተናገዱን አስታውቋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ በ1971 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህን ያህል ሰው አሳፍሮ አያውቅም። ከዚያ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 32.8 ሚሊዮን ሲሆን፣ እሱም የተመዘገበው ገና በ2024 ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ ባየለበት በ2021 የበጀት ዓመት ቁጥሩ ወደ 12.2 ሚሊዮን ወርዶ እንደነበር ሲታሰብ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ጭማሪ ታይቷል ማለት ነው። የጭማሪው አንዱ ክፍል በወረርሽኙ ቤት የዋለው ሰው መመለሱ ነው። ይሁን እንጂ የአሁኑ ቁጥር ከወረርሽኙ በፊት ከነበረውም ስለሚበልጥ፣ ነገሩን በማገገም ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ታዲያ ሰው ወደ ባቡር የመጣው ባቡሩ ስለፈጠነ ነውን? አይደለም። በ1969 ሜትሮላይነር የሚባለው የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ሲጀምር፣ ከዋሽንግተን ኒው ዮርክ የሚያደርሰው ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነበር። ዛሬ ከሁሉ የሚፈጥነው አሴላ ያንኑ 364 ኪሎ ሜትር የሚጨርሰው በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው። ሰው ጨረቃን ከረገጠበት ዓመት እስከዛሬ በዚህ መስመር የተገኘው ትርፍ በጥቂት ደቂቃዎች ይቆጠራል። ከዚህም በላይ አብዛኛው ሰው የሚሳፈረው በአሴላ ሳይሆን፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ወይም ከዚያ በላይ በሚወስደው ኖርዝ ኢስት ሪጅናል በተባለው ተራ ባቡር ነው። ይህ ባቡር ከአሴላ ሦስት እጥፍ ያህል ሰው ያመላልሳል።

ስለዚህ የተሳፋሪው መብዛት ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። የመጀመሪያው መንገዱ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን በአይ 95 አውራ ጎዳና የነዳ ሰው፣ በወረቀት ላይ አራት ሰዓት የሚለው ጉዞ በበዓል ዋዜማ ስድስትም ሰባትም ሰዓት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ሁለተኛው አውሮፕላኑ ነው። በረራው ራሱ አንድ ሰዓት ቢሆንም፣ ወደ ማረፊያው መሄጃው፣ ፍተሻው፣ ጥበቃውና ኒው ዮርክ ከደረሱ በኋላ ወደ ማንሃተን የሚደረገው የታክሲ ጉዞ ሲደመር የአውሮፕላኑ ብልጫ ይጠፋል። ባቡሩ ግን የሚነሣው ከከተማ እምብርት፣ የሚያደርሰውም ከተማ እምብርት ነው። ከእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ከአውሮፕላን ይልቅ በባቡር የሚሄደው ሰው የሚበልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባው ለገሃር ይህን ጥቅም በሚገባ ያሳየ ጣቢያ ነበር። የአዲሱ የኢትዮጵያ ጅቡቲ ባቡር መንገደኛ ግን ለመሳፈር መጀመሪያ ከተማውን አቋርጦ እስከ ፉሪ ለቡ መውጣት አለበት። የጣቢያ ቦታ ምርጫ ከባቡሩ ፍጥነት ባልተናነሰ ተሳፋሪን ይወስናል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት የምልልሱ ብዛት ነው። በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ መካከል ቀኑን ሙሉ ባቡር ስላለ፣ አንዱ ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ከዚህ መስመር ራቅ ብሎ ወደ መካከለኛው ምዕራብ መመልከት ይበጃል። በሜይ 2024 ከቺካጎ በሚልዋኪ በኩል ወደ ሴንት ፖል ሚኒሶታ ቦሪያሊስ የተባለ አዲስ ባቡር ተጀመረ። በዚያ መስመር ቀድሞ የነበረው ከቺካጎ ሲያትል የሚሄደው የረጅም ርቀት ባቡር ሲሆን፣ እሱም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልፍና ከሩቅ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ የሚዘገይ ነበር። አዲሱ ባቡር አንድም አዲስ ሐዲድ ለራሱ አልተዘረጋለትም ማለት ይቻላል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 127 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጉዞው ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በመኪና ቢሄዱ ይቀድማሉ። እንደዚያም ሆኖ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች ተሳፈሩበት። በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ፣ በብዛት ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም፣ በክረምት በበረዶ መንገድ መንዳት ሳያስፈልግ ቺካጎ መድረስ ተቻለ። ሰዎቹን የሳበው ምቹ በሆነ ሰዓት አንድ ተጨማሪ ባቡር መኖሩ ነው።

ይህ ማለት ግን ፍጥነት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ምልልሱን በመጨመር የሚገኘው ዕድገት የሐዲዱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው፤ ሐዲዱ ደግሞ ከሞላ ቆይቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ፍጥነቱ ከየት ይገኛል የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል።

በኦገስት 2025 መጨረሻ አምትራክ አዲሶቹን የአሴላ ባቡሮች ሥራ አስጀመረ። በኒው ዮርክ ግዛት ሆርኔል በምትባል አነስተኛ ከተማ አልስቶም የተባለው ኩባንያ የሠራቸው 28 ባቡሮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው 27 ከመቶ የበለጠ መቀመጫ አለው። ውሉ የተፈረመው በ2016 ነው፤ በመጀመሪያው ዕቅድ ሥራ ይጀምራሉ የተባለው በ2021 ነበር። በዜና ጎልቶ የተነገረው ግን ፍጥነታቸው ነው፦ በሰዓት 257 ኪሎ ሜትር፣ ከቀድሞዎቹ በ16 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ። ይህ ቁጥር ለተሳፋሪው ምን ማለት እንደሆነ በእርሳስና በወረቀት ማስላት ይቻላል። ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት ሊሮጥበት የሚችል 48 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ አለ እንበል። በሰዓት 241 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያንን መንገድ በ12 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ በ257 ሲሄድ በ11 ደቂቃ ከሩብ ያህል። ትርፉ 45 ሴኮንድ ነው።

አሁን ደግሞ በሌላኛው ጫፍ እንመልከት። በመንገዱ ላይ ባቡሩ በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ የተከለከለበት የሦስት ኪሎ ሜትር ቁራጭ ቢኖር፣ ያንን ለማለፍ አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ያች ቁራጭ ተስተካክላ በ177 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትታለፍ አንድ ደቂቃ ትበቃታለች። ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ተረፈ ማለት ነው፤ ከፊትና ከኋላ ለመቀነስና እንደገና ለመፍጠን የሚባክነው ሳይቆጠር። ሦስት ኪሎ ሜትር ዘገምተኛ መንገድን ማስተካከል፣ በአርባ ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ ከፍተኛውን ፍጥነት ከመጨመር አራት እጥፍ ያህል ጊዜ ያተርፋል። የአማካይ ፍጥነት ጠላቱ ቀርፋፋው ቦታ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እንዲሁ ለምሳሌ ያህል የተመረጡ አይደሉም። ከባልቲሞር ጣቢያ ወደ ዋሽንግተን የሚወጣው ባቡር ብዙም ሳይሄድ ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ በመስኮቱ በኩል የሚታየው የጠቆረ የጡብ ግንብ ነው፤ ባቡሩም እየተጠማዘዘ በዝግታ ይሄዳል። ይህ የባልቲሞርና ፖቶማክ ዋሻ የተከፈተው በ1873 ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት የተሠራ ዋሻ፣ ዛሬ በሰዓት 257 ኪሎ ሜትር መብረር የሚችለውን ባቡር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እያዘገመ ያሳልፈዋል። ጥምዝምዙ ስለታም ነው፤ ውኃ ይገባዋል፤ በውስጡ ላለው ጥገናም የሥራ ሰዓት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በእሱ ቦታ የሚተካው፣ በሜሪላንድ ተወልዶ ከባርነት ባመለጠው በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም የተሰየመው አዲስ ዋሻ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ባቡሮች እስከ 177 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲያልፉበት ታቅዷል። ወጪው ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል። እርግጥ ባቡሮቹ ባልቲሞር ጣቢያ ስለሚቆሙ ያንን ፍጥነት በሙሉ አይጠቀሙበትም። ቢሆንም አንድ ዋሻ ብቻውን ከአዲሶቹ ባቡሮች ፍጥነት ጭማሪ የበለጠ ጊዜ ሊያተርፍ መቻሉ ነገሩን በደንብ ያስረዳል።

ወደ ሰሜን ሲኬድ ታሪኩ ይደገማል። በኒው ጀርዚ የሃከንሳክን ወንዝ የሚሻገረው ፖርታል ድልድይ የተሠራው በ1910 ሲሆን፣ ለጀልባ መንገድ ለመስጠት በመሀሉ የሚዞር ድልድይ ነው። ዞሮ ሲመለስ ሐዲዱ አልገጥም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ሠራተኞች ትልልቅ መዶሻ ይዘው ወርደው እየቀጠቀጡ ያገጥሙታል። እነሱ እስኪጨርሱ ድረስ ከቦስተን እስከ ዋሽንግተን ያለው መስመር ይታወካል። በእሱ ምትክ የማይከፈትና ከፍ ያለ አዲስ ድልድይ ሥራ በ2022 ተጀምሯል። ከድልድዩ ቀጥሎ በሃድሰን ወንዝ ሥር ያሉት ሁለት ዋሻዎችም በ1910 የተከፈቱ ናቸው። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የባሕር ውኃ ሞላባቸው፤ ውኃው ተቀዳ፤ ጨው ግን በኮንክሪቱና በኤሌክትሪክ ገመዱ ውስጥ ቀርቶ እስከዛሬ ይበላቸዋል። አንዱን ዘግቶ ለመጠገን ደግሞ ሌላው ብቻውን ያንን ሁሉ ባቡር ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ አዲስ ዋሻ ቀድሞ መሠራት አለበት።

አዲስ ዋሻ የመሥራት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በዚያው ወንዝ ሥር ተጀምሮ የነበረ ሌላ ዋሻ በ2010 የኒው ጀርዚ አገረ ገዥ የነበሩት ክሪስ ክሪስቲ ወጪው ግዛቴን ይጎዳል ብለው ሰርዘውታል። ያ ሥራ ቢቀጥል ኖሮ ሳንዲ በመጣ ጊዜ የአዲሱ ዋሻ ቁፋሮ ገፍቶ ይገኝ ነበር። አሁን የተያዘው ፕሮጀክት 16 ቢሊዮን ዶላር ያህል የተገመተ ሲሆን፣ ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ በኦክቶበር 2025 የፌዴራሉ መንግሥት የገንዘቡን ክፍያ አግዶ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በየጊዜው ሲቆምና ሲቀጥል የሚከፈለው ዋጋ ከገንዘብም በላይ ነው፤ የሠለጠነው ባለሙያ ይበተናል፤ ኮንትራክተሩም በሚቀጥለው ጨረታ ስጋቱን ዋጋው ላይ ደምሮ ይመጣል።

ከዋሻና ከድልድይ ሌላ ተሳፋሪው ልብ የማይለው ሽቦ አለ። ከኒው ዮርክ እስከ ዋሽንግተን ለባቡሩ ኃይል የሚሰጠው ከራስ በላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ በአብዛኛው የ1930ዎቹ ሥራ ነው። የዘመኑ ሽቦ ሙቀት ሲያስረዝመው በክብደት እየተሳበ ተወጥሮ ይቆያል፤ አሮጌው ግን በሁለት ጫፉ የታሰረ ስለሆነ በበጋ ሙቀት ይረግባል። የረገበ ሽቦ ሥር በፍጥነት የሚሄድ ባቡር ሽቦውን ሊበጥሰው ስለሚችል፣ በሐምሌ ንዳድ ባቡሮቹ ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ ይታዘዛሉ። በኒው ጀርዚ አንድ ቁራጭ ላይ ሽቦው በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱ አሴላ ሙሉ ፍጥነቱን ከሚያሳይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱም ያ ነው።

ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ሲሆን ሽቦው ጨርሶ ያበቃል። ወደ ሪችመንድ ወይም ወደ ኖርፎክ የሚቀጥለው ባቡር ዩኒየን ስቴሽን ሲደርስ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ የናፍጣው ይታሰራል፤ በዚያ መሀል መብራቱ ይጠፋል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ይቆማል፤ ተሳፋሪው በስልኩ ብርሃን ተቀምጦ ይጠብቃል። በሳክራሜንቶ ሲመንስ እየሠራቸው ያሉት 83 አይሮ የተባሉ ባቡሮች መስመር ላይ ሲወጡ፣ ለዚህ መስመር የሚመደቡት በሽቦም በናፍጣም ስለሚሠሩ ይህ ጥበቃ ይቀራል።

ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ደግሞ ባቡሩ ወደ ሎንግ ብሪጅ ይደርሳል። በሜትሮው ቢጫ መስመር ከዲሲ ወደ ቨርጂኒያ ፖቶማክን የተሻገረ ሁሉ በመስኮቱ አይቶታል፤ ከጎን ያለው የዛገው የብረት ድልድይ ነው። በ1904 የተሠራው ይህ ድልድይ ሁለት ሐዲድ ብቻ ሲኖረው፣ አምትራክም፣ የቨርጂኒያው የሠራተኞች ባቡርም፣ ረጃጅሞቹ የጭነት ባቡሮችም የሚያልፉት በእሱው ላይ ነው። በዲሲና በቨርጂኒያ መካከል ከሜትሮው በቀር ሌላ የባቡር መሻገሪያ የለም። ደቡቡን ከሰሜኑ የሚያገናኘው ጠባቡ አንገት ይህ ስለሆነ፣ በቨርጂኒያ ውስጥ የፈለገውን ያህል ባቡር ቢገዛ ድልድዩ ካልሰፋ ዋጋ አልነበረውም።

ቨርጂኒያ ይህን ተረድቶ የወሰደው እርምጃ፣ በእኔ ዕይታ በአገሪቱ ካሉት የባቡር ዕቅዶች ሁሉ የበሰለው ነው። ግዛቱ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ የሚወርደውን አይ 95 ለማስፋት ያስጠናው ጥናት ወጪው እጅግ ከፍተኛ መሆኑንና ሲያልቅም መጨናነቁን እንደማይፈታ አሳየው። ከዚያ በ2019 መጨረሻ ሲኤስኤክስ ከተባለው የጭነት ባቡር ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሐዲድ መሬት ገዛ። ለጭነት ባቡሩ ያለውን ትቶ ለመንገደኛው የራሱን ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ። ለመንገደኞች ብቻ የሚውል አዲስ ባለ ሁለት ሐዲድ ድልድይ ሥራም በኦክቶበር 2024 ተጀምሮ በ2030 እንዲያልቅ ታቅዷል። በዚህ ዕቅድ ውስጥ አንድም የሚያስደንቅ የፍጥነት ቁጥር የለም። በአሌክሳንድሪያ ጣቢያ ቆሞ ባቡር ለሚጠብቅ ሰው ግን ከብዙ ታላላቅ ቃል ኪዳኖች ይልቅ ሕይወቱን የሚለውጠው ይህ ነው።

መሬቱን መግዛት ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ መሆን አለበት። አምትራክ የሚጠቀምበት ሐዲድ በአብዛኛው የራሱ አይደለም፤ ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን ካለው የሰሜን ምሥራቅ መስመር ሲወጣ የሚሄደው በጭነት ባቡር ኩባንያዎች ሐዲድ ላይ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለው ሕግ መንገደኛ የጫነ ባቡር ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። ነገር ግን አንዳንድ የጭነት ባቡሮች ርዝመት ከማሳለፊያው ሐዲድ ስለሚበልጥ ዳር ይዘው ማሳለፍ አይችሉም፤ ስለዚህ ዳር የሚይዘው ሰው የጫነው ባቡር ይሆናል። በ2024 የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ኖርፎክ ሳውዘርን የተባለውን ኩባንያ በዚሁ ጉዳይ እስከ መክሰስ ደርሷል። በተከራየ ቤት ግድግዳ አፍርሶ ማስፋት እንደማይቻል ሁሉ፣ በሰው ሐዲድ ላይም ፈጣን ባቡር መትከል አይቻልም።

እውነተኛ ፈጣን ባቡር፣ ማለትም ከመነሻው በራሱ ሐዲድ ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሮጥ፣ በአሜሪካ እስካሁን አንድም የለም። በስፔን ከማድሪድ ባርሴሎና ያለውን፣ በ2008 የተከፈተውን 621 ኪሎ ሜትር መስመር ፈጣኑ ባቡር በሁለት ሰዓት ተኩል ያልፈዋል፤ አማካዩ በሰዓት 248 ኪሎ ሜትር ነው። አሴላ በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ መካከል ያለው አማካይ ከዚያ ግማሹን ቢያልፍ በጥቂት ነው። ስፔን የመጀመሪያውን መስመር በ1992 ከከፈተች በኋላ ሳታቋርጥ ስለሠራች መሐንዲሱም፣ ሥራ ተቋራጩም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም በየመስመሩ ልምድ እየጨመረ ሄደ። የካሊፎርኒያው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው።

የካሊፎርኒያ ሕዝብ በኖቬምበር 2008 ከሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ በሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የሚያደርስ ባቡር እንዲሠራ የ9.95 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። በጊዜው ሥራው በ33 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በ2020 ያልቃል ተብሎ ነበር። ዛሬ የሙሉ መስመሩ ግምት ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል፤ እየተሠራ ያለውም በመሀል ሸለቆው በመርሴድና በቤከርስፊልድ መካከል ያለው ክፍል ነው። ስህተቱ የባቡሩ ሐሳብ ሳይሆን አሠራሩ ነበር። ከሁለት ሺህ በላይ ቁራሽ መሬት መገዛት ሲኖርበት ግንባታው መሬቱ ሳይገዛ ተጀመረ፤ ሠራተኛው ድልድይ ለመትከል ሲደርስ ከፊቱ ያለው የወይን እርሻ ወይም የአልሞንድ ማሳ ገና ክርክር ላይ ይገኛል፤ የውኃ ቱቦውና የመብራት ምሰሶው አልተነሣም። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተቆራረሰ መጣ፤ በጁላይ 2025 የፌዴራሉ መንግሥት 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቃል የገባውን ሰረዘ። ግዛቱ በበኩሉ እስከ 2045 በየዓመቱ 1 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፤ የዚህ ውሳኔ ዋና ጥቅሙ ከመጠኑ ይልቅ በየዓመቱ የሚመጣው ገንዘብ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ፈጣኑ ባቡር ወደፊት ሳን ፍራንሲስኮ የሚገባበት የካልትሬይን መስመር በሴፕቴምበር 2024 ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ምልልሱ በረከተ፤ ተሳፋሪውም ወዲያው ጨመረ። የታላቁ ዕቅድ አንድ እግር እንዲህ ቀድሞ ለሰው ጥቅም ሰጥቷል።

የግል ኩባንያው ብራይትላይን ዌስት የያዘው ሌላ መንገድ ነው። ከላስ ቬጋስ እስከ ሎስ አንጀለስ ዳርቻ ያለውን 351 ኪሎ ሜትር በአይ 15 አውራ ጎዳና መሀል ባለው ባዶ መሬት ላይ ሐዲድ ለመዘርጋት በኤፕሪል 2024 ሥራ ጀምሯል፤ ከፌዴራሉ መንግሥትም 3 ቢሊዮን ዶላር ተሰጥቶታል። በጎዳና መሀል መሥራት የካሊፎርኒያን የመሬት ክርክር ያስቀራል። በፌርፋክስ መንገድ ከሊትል ኢትዮጵያ ዓርብ ማታ ተነሥቶ ላስ ቬጋስ ዘመዱን ሊጠይቅ በዚያ በረሃ የመኪና ሰልፍ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ የመስመሩ ጥቅም ማስረጃ አያስፈልገውም። ሆኖም መታየት ያለበት ነገር አለ፦ መስመሩ የሚያበቃው ራንቾ ኩካሞንጋ በተባለች፣ ከሎስ አንጀለስ መሀል 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ባቡር መያዝ ይጠይቃል። ቀደም ሲል ስለ ጣቢያ ቦታ የተባለው እዚህም ይሠራል። ሊከፈት የታሰበው በ2028 የነበረ ሲሆን ወደ 2029 ተገፍቷል፤ ወጪውም መጀመሪያ ከተነገረው እጅግ ጨምሮ ከ20 ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

የዚሁ ኩባንያ እህት በፍሎሪዳ ያላት ልምድ ስለ ገንዘቡ ይበልጥ ያስተምራል። በሴፕቴምበር 2023 ከማያሚ እስከ ኦርላንዶ የተከፈተው መስመር በ2024 ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰው አሳፍሯል፤ ባቡሩ ንጹሕ ነው፤ ሰው ወዶታል። ቁጥሩ ግን ኩባንያው ለባለ ቦንዶች ከተነበየው በብዙ ያንሳል፤ በ2025 ከፊል የወለድ ክፍያውን እስከ ማዘግየት ደርሷል። መስመሩ ከመኪና መንገድ ጋር በብዙ ቦታ በአንድ ወለል ስለሚገናኝ የሚደርሰው የሰው ሞትም እጅግ አሳዛኝ ነው፤ እውነተኛ ፈጣን ሐዲድ ከመኪና መንገድ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የትኬት ገቢ ባቡሩን ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ ዋሻውን፣ ድልድዩንና ሐዲዱን ግን ሊሠራ አይችልም። የአሜሪካ ጎዳናዎችም በአብዛኛው በየመኪናው ከሚሰበሰብ የማለፊያ ክፍያ የተሠሩ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ ሲነሣ በሚቀጥሉት ዓመታት መታየት ያለበት የባቡሮቹ ሞዴል ሳይሆን የበጀቱ አወጣጥ ነው። አሁን እየተሠሩ ያሉት ዋሻዎችና ድልድዮች ሁሉ በአብዛኛው የተንቀሳቀሱት በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ለባቡር 66 ቢሊዮን ዶላር ያህል መድቧል። አምትራክ ከተቋቋመ ወዲህ ለበርካታ ዓመታት አስቀድሞ የታወቀ እንዲህ ያለ ገንዘብ አግኝቶ አያውቅም። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ኮንግሬስ ፊት ቆሞ ለመኖር የሚለምን ድርጅት፣ አሥር ዓመት የሚፈጅ ዋሻ ሊያቅድ አይችልም ነበር። ሕጉ የሚያበቃው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ነው። የሚተካው ሕግ ለባቡር የብዙ ዓመት የታወቀ ገንዘብ ከያዘ፣ በሎንግ ብሪጅ ጎን ያሉት ምሰሶዎች ከፖቶማክ ውኃ ሲወጡ በባልቲሞር ሥር ያለው ቁፋሮም አብሮ ይቀጥላል። ካልያዘ ግን አዲሶቹ አሴላዎች፣ ሁሉም መቀመጫቸው በሰው ተሞልቶ፣ በ1873ቱ ዋሻ ውስጥ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየተጠማዘዙ ማለፋቸውን ይቀጥላሉ።